አንድ ትኬት፣ ሁለት ሕግ፦ በረራ ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ የትኛውን መብት ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ?

ይህን ያስጻፈኝ የታናሽ እህቴ ጉዞ ነው። ከጀርመን አዲስ አበባ፣ ደርሶ መልስ፣ በአንድ ትኬት፣ መሃል ላይ አንድ ትራንዚት ያለው። ስትሄድ አውሮፕላኑ ገና ጀርመን ላይ ብልሽት ገጠመውና ትራንዚቱ አመለጣት። ቦሌ የደረሰችው 9 ሰዓት ዘግይታ ነው። ስትመለስ ደግሞ ባሰ። ከቦሌ የሚነሳው ዘገየ፣ ትራንዚቱ አሁንም አመለጠ፣ ጀርመን የገባችው 11 ሰዓት አርፍዳ ነው። አየር መንገዱ በሁለቱም መንገድ ያው ነው። ስሙን አልጠራም። የአውሮፓ እንዳልሆነ ብቻ ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ለመሄጃው 600 ዩሮ ገባላት። ለመመለሻው አምስት ሳንቲም የለም።

“የባሰው እኮ መመለሻው ነው!” ትለኛለች እስከ ዛሬ። ልክ ናት። ግን ሕጉ የሚያየው ምን ያህል እንደተንገላታችሁ አይደለም። ከየት እንደተነሳችሁ፣ ማን እንዳበረራችሁና ትኬቱ በአንድ ላይ የተቆረጠ መሆኑን ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳታውቁ “ካሳ ይገባኛል” ብሎ መጨቃጨቅ ድካም ነው። አውቃችሁ ከሄዳችሁ ግን ብዙ ጊዜ ክርክሩ በሁለት ኢሜል ያልቃል።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ የምትጠይቁት የቱን ገንዘብ ነው?

ሰው ሁሉን አንድ ላይ “ካሳ” ይለዋል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የትኬት ተመላሽ ነው፦ አልሄድም ብላችሁ የከፈላችሁትን መውሰድ። ሁለተኛው መስተንግዶ ነው፦ ምግብ፣ ሆቴል፣ ከሆቴል ማመላለሻ። ሦስተኛው ዋናው ካሳ ነው፦ ሄዳችሁም ቢሆን፣ ስለዘገያችሁ ብቻ በላዩ የሚከፈላችሁ። አሜሪካ በመጀመሪያው ጎበዝ ናት፣ በሦስተኛው ባዶ። አውሮፓ ሦስቱንም ይሰጣል። እስራኤልም ሦስቱንም ይሰጣል፣ ግን ካሳው ጋ ለመድረስ ረጅም ሰዓት ያስጠብቃል። የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ይኸው ነው።

ከአውሮፓ ስትነሱ

ካሉት ሁሉ ጠንካራው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። ቁጥሩ 261/2004 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 ነው። በተግባር “261” ብላችሁ ብትጽፉ አየር መንገዱ ወዲያው ይገባዋል።

ከኅብረቱ አገር አውሮፕላን ማረፊያ የተነሳ በረራ ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ነው። አየር መንገዱ የማንም ይሁን፤ የኢትዮጵያም፣ የቱርክም፣ የኳታርም። ከፍራንክፈርት፣ ከሮም፣ ከፓሪስ፣ ከብራስልስ ወይም ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ3,500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ሒሳቡ የመጨረሻው እርከን ላይ ይወድቃል፦ በሰው 600 ዩሮ። የሚቆጠረው በሰው ነው፤ በቤተሰብ ወይም በትኬት አይደለም። የራሳቸው የተከፈለበት ትኬት ያላቸው ልጆችም እኩል ያገኛሉ። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ከሆናችሁ 2,400 ዩሮ ነው። በትኬቱ ዋጋም አይወሰንም። በቅናሽ የገዛም፣ በገና ሰሞን በእጥፍ የገዛም ያው 600።

ለአጭር በረራ መጠኑ ያንሳል፤ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ እስከ 3,500 ደግሞ 400። በኅብረቱ ውስጥ ከሆነ ርቀቱ ቢረዝምም 400 ላይ ይቆማል።

መዘግየቱ የሚለካው በመነሻው አይደለም። በመድረሻው ነው። 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ አርፍዳችሁ መድረስ አለባችሁ። ይህ የ3 ሰዓት ልክ ሕጉ ውስጥ ተጽፎ አታገኙትም፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2009 በሰጠው ውሳኔ የመጣ ነው። ረጅም በረራ ላይ መዘግየቱ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ከሆነ አየር መንገዱ ግማሹን፣ 300 ዩሮ፣ የመክፈል ፈቃድ አለው። ደረሳችሁ የሚባለው ደግሞ ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ነው። ይህንንም ያው ፍርድ ቤት በ2014 ወስኖታል። ለደቂቃዎች ሲባል ካሳው የሚቀርበት ወይም የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ፎቶው ሰዓቱን ራሱ ይመዘግብላችኋል። እህቴን ያተረፋት ይህ ባይሆንም (9 ሰዓት ማንም አይከራከርበትም) እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በ3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ አግኝቻለሁ። አየር መንገዱ “2 ሰዓት ከ54” ብሎ ነበር የጻፈልኝ። እነሱ የቆጠሩት አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ያረፈበትን ነው። ፎቶውን ላክሁ፣ ዝም አሉ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፈሉ።

አሁን ወደ ትራንዚቱ። ሁለቱም በረራ በአንድ ላይ የተቆረጠ ከሆነ፣ ማለትም በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ከሆነ፣ የሚታየው የመጨረሻ መድረሻችሁ ነው። ከጀርመን ስትነሱ 40 ደቂቃ ብቻ ብትዘገዩም፣ በእሱ ምክንያት ትራንዚቱ አምልጧችሁ ቦሌ 9 ሰዓት አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ፣ 600 ዩሮ ነው። ሁለተኛው በረራ ከአውሮፓ ውጭ ቢነሳም ለውጥ የለውም። የእህቴ ጉዳይ ይኸው ነበር። ሁለት ትኬት ለየብቻ ገዝታችሁ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይታያል፤ ያመለጣችሁ የእናንተ ጣጣ ይሆናል። ርካሽ ትኬት ከርካሽ ትኬት ጋር ቀጥሎ መሄድ የሚወደው የሀበሻ ልጅ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

በረራው ከነጭራሹ ከተሰረዘስ? ከ14 ቀን በፊት ካሳወቋችሁ ካሳ የለም፤ ያላችሁ ምርጫ ገንዘባችሁን መውሰድ ወይም በሌላ በረራ መሄድ ነው። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከነገሯችሁ ካሳውም ይጨመራል። ከሚነሳበት ሰዓት ብዙም ያልራቀ ተለዋጭ በረራ ካቀረቡላችሁ ግን ሊያመልጡ ይችላሉ።

አየር መንገዶች የሚደበቁበት አንድ ሐረግ አለ፦ “ከአቅማችን በላይ የሆነ ምክንያት”። እውነትም ከአቅም በላይ የሆኑ አሉ። ከባድ የአየር ጠባይ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ፣ ጦርነት፣ ወፍ ሞተር ውስጥ መግባት። ተራ የቴክኒክ ብልሽት ግን አይደለም። አውሮፕላን ይበላሻል፤ መጠገንና ተለዋጭ ማዘጋጀት የሥራቸው አካል ነው፣ ይላል ፍርድ ቤቱ በ2008። የራሳቸው ሠራተኞች አድማ ቢመቱም አያመልጡም። ስለዚህ ጌቱ ላይ “ቴክኒካል ፕሮብለም” የሚል ቃል ስትሰሙ አትበሳጩ። ጻፉት። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳለ። ቢቻል ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን በሉ።

እውነተኛ ከአቅም በላይ ሲሆንም ምግብና ሆቴል ግዴታቸው ነው። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ዘግቶ የነበረ ጊዜ እንኳ ይህ ግዴታ እንዳልተነሳላቸው በ2013 ተወስኗል። ካሳ ቀረ ማለት ሳንድዊች ቀረ ማለት አይደለም።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ብትወጣም ሕጉን ቀድታ አስቀርታዋለች። ከለንደን አዲስ አበባ 520 ፓውንድ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ለመጠየቅ 6 ዓመት አላችሁ። ጀርመን ውስጥ 3 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም በረራው ከተደረገበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ። በሐምሌ 2024 የዘገየ በረራ ካላችሁ እስከ 2027 መጨረሻ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። በየአገሩ ስለሚለያይና አንዳንዱ ጋ በጣም አጭር ስለሆነ፣ የምትኖሩበትን አረጋግጡና ቶሎ ጻፉ።

ከቦሌ ስትመለሱ

እዚህ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ከኅብረቱ ውጭ ተነስታችሁ ወደ ኅብረቱ ስትገቡ፣ 261 የሚሠራው የሚያበርራችሁ አየር መንገድ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው። ከቦሌ ፍራንክፈርት በሉፍታንዛ አውሮፕላን ብትመጡና 5 ሰዓት ብትዘገዩ 600 ዩሮ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው መስመር፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ብትመጡና 5 ሰዓት ብትዘገዩ በዚህ ሕግ ዜሮ። የእህቴ መመለሻ የቀረው በዚህ ነው።

ወጥመዷ ምን መሰላችሁ? ሁለቱ አየር መንገዶች ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባላት ናቸው፤ አንዱ የሌላውን በረራ በራሱ ቁጥር ይሸጣል። ትኬታችሁ ላይ የአንዱ ቁጥር ተጽፎ በሌላው አውሮፕላን ልትሳፈሩ ትችላላችሁ። ሕጉ የሚያየው የሸጠላችሁን አይደለም፣ ያበረራችሁን ነው። ትኬቱ ላይ ከበረራ ቁጥሩ ሥር በትንንሽ ፊደል “የሚያበርረው እገሌ ነው” የምትል መስመር አለች። ከመክፈላችሁ በፊት እሷን አንብቡ።

“እንግዲያው ለመመለሻው ሁልጊዜ የአውሮፓ አየር መንገድ ልምረጥ ወይ?” ለሚለኝ የእኔ መልስ አይ ነው። ካሳ ሎተሪ ነው። ለሎተሪ ተብሎ 150 ዩሮ አይጨመርም። ቀጥታ በረራ፣ ሁለት ሻንጣ የሚፈቅድ ትኬት፣ ሌሊት የማያሳድር ትራንዚት፤ እነዚህ ከ600 ዩሮ ተስፋ ይበልጣሉ። ዋጋውና ሻንጣው እኩል ሆነው ሁለት አማራጭ ፊታችሁ ከተቀመጠ ግን ያን ጊዜ ሕጉ የሚሸፍነውን ያዙ። በተለይ ስትመለሱ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚጠብቃችሁ ከሆነ።

ሕግ የለም ሲባል የሚቀረው ሕግ

ለእህቴ መመለሻ ምንም የለም ማለቴ ትንሽ ማጋነን ነበር። የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል አለ። በ1999 የተፈረመ ዓለም አቀፍ ውል ነው፤ ኢትዮጵያም ገብታበታለች፣ አሜሪካም፣ የአውሮፓ አገሮችም፣ እስራኤልም፣ የገልፍ አገሮችም።

ልዩነቱ ይህ ነው። 261 ደረሰኝ አይጠይቅም፤ ዘገያችሁ፣ ተከፈላችሁ። ሞንትሪያል ግን የወጣባችሁን አሳዩኝ ይላል። በመዘግየቱ ምክንያት ያደራችሁበት ሆቴል፣ የበላችሁት፣ የታክሲ፣ የከሰራችሁት ቀጠሮ። ለመንገላታትና ለንዴት ብቻ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው አይከፍሉም። አየር መንገዱም የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነጻ ይወጣል። ጣሪያው ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ 6,303 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ አንዱ ከአንድ ዶላር ይበልጣል። ያ ጣሪያው ነው እንጂ የሚሰጣችሁ አይደለም። እህቴ በመጨረሻ የጠየቀችው የአንድ ሌሊት ሆቴልና የታክሲ ነው። ደረሰኝ የነበራት ለታክሲው ብቻ ነው። ሆቴሉን በካሽ ከፍላ ወረቀቱን ጥላዋለች። አምስት ሳንቲም የለም ያልኩት ለካሳው ነው፤ የታክሲውን መልሰዋል።

ክስ ለመመሥረት ጊዜው 2 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። የምትከሱበት ቦታ ምርጫም አላችሁ፦ የአየር መንገዱ ዋና መቀመጫ ባለበት አገር፣ ትኬቱን በገዛችሁበት ቅርንጫፍ አገር፣ ወይም በመድረሻችሁ። ለደርሶ መልስ ትኬት “መድረሻ” የሚባለው የተነሳችሁበት ከተማ ነው። ከዋሽንግተን ተነስታችሁ ወደ ዋሽንግተን የምትመለሱ ከሆነ እዚያው መክሰስ ትችላላችሁ።

ሻንጣም በዚሁ ስምምነት ነው። የዘገየ ሻንጣ ላይ ቅሬታ እጃችሁ ከገባ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ፣ የተጎዳ ሻንጣ ላይ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ አለባችሁ። የእናቴ ንጥር ቅቤ ሦስት ቀን የት እንዳደረ ባይታወቅም ሻንጣው ሲመጣ ግን ሸሚዞቼ ሁሉ ቅቤ ጠጥተዋል። በስምንተኛው ቀን ነው የጻፍኩት። ሳቁብኝ ማለት ይቻላል።

ከአሜሪካና ከካናዳ

አሜሪካ ውስጥ ለመዘግየት የተወሰነ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ የለም። በ2024 መጨረሻ የአውሮፓን የሚመስል ሕግ ለማውጣት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በ2025 ተትቷል። ያለው ጠንካራ መብት የትኬት ተመላሽ ነው። ከጥቅምት 2024 ማብቂያ ጀምሮ በረራው ከተሰረዘ፣ ወይም ዓለም አቀፍ በረራ ከ6 ሰዓት በላይ (የአገር ውስጥ ከ3 ሰዓት በላይ) ከተዛወረ፣ ገንዘባችሁ ሳትለምኑ ይመለሳል። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ በ7 የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ ከሆነ በ20 ቀን። ምክንያቱ ዝናብ ይሁን ብልሽት ለውጥ የለውም።

ነገር ግን የግድ አለመሄድ አለባችሁ። ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 8 ሰዓት ዘግይቶ በተነሳው በረራ ከተሳፈራችሁ ተመላሹ የለም። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ የሚሄድ ሰው ደግሞ ገንዘቤን መልሱ ብሎ ቤቱ አይቀርም። ስለዚህ ለእኛ ሰው ይህ መብት በወረቀት ላይ የሚያምር ነው። በተግባር የሚረዳው የክሬዲት ካርድ መድን ነው። ብዙ የጉዞ ካርዶች በረራው የተወሰነ ሰዓት ካለፈ ሆቴልና ምግብ ይሸፍናሉ፤ ትኬቱን በዚያው ካርድ ከገዛችሁ። እኔ አሜሪካ ብኖር መጀመሪያ የማየው የካርዴን ውል ነው።

ትኬታችሁን ከሀበሻ ትኬት ቢሮ በካሽ የገዛችሁስ? ገንዘቡን ተቀብሎ በስሙ ደረሰኝ የሰጠው ቢሮው ከሆነ፣ የመመለስ ግዴታም የእሱ ነው። “አየር መንገዱ ጋ ሂዱ” ቢላችሁ አትመለሱ። ለዚህም ነው ደረሰኙ ላይ የማን ስም እንዳለ አሁኑኑ ማየት ያለባችሁ።

ከአውሮፕላኑ ቦታ በላይ ትኬት ተሽጦ ሳትወዱ ከቀራችሁ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ አሜሪካ እስከ 2,150 ዶላር ታስከፍላለች። በፈቃዳችሁ ቫውቸር ተቀብላችሁ ከቀራችሁ ግን ያን መብት ሸጣችሁታል።

ካናዳ የተሻለች ናት። የ2019 ሕጓ ወደ ካናዳ ለሚገባም ለሚወጣም በረራ ይሠራል፣ በየትኛውም አየር መንገድ። ከቦሌ ቶሮንቶ ስትመጡም ማለት ነው፤ የአውሮፓ ሕግ ያጣው ይህንን ነው። ለትላልቅ አየር መንገዶች ከ3 እስከ 6 ሰዓት 400፣ እስከ 9 ሰዓት 700፣ ከዚያ በላይ 1,000 የካናዳ ዶላር። ክፍተቷ ግን ሰፊ ናት፦ መዘግየቱ “ለደኅንነት ሲባል ነው” ከተባለ ካሳ የለም፤ አውሮፓ የሚያስከፍልበት ድንገተኛ ብልሽት ካናዳ ውስጥ በዚህ ሊያመልጥ ይችላል። ማመልከቻው በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት።

ከእስራኤልና ከገልፍ

እስራኤል ያላችሁ “ሖክ ቲቢ” ሲባል ሰምታችኋል። ሐሳቡን ባቀረበው የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አባል ስም የሚጠራ የ2012 ሕግ ነው። ከእስራኤል የሚነሳም ወደ እስራኤል የሚገባም በረራ ሁሉ፣ የማንም አየር መንገድ ቢሆን ይገዛል። ስለዚህ ከቦሌ ቤን ጉሪዮን ስትመለሱም ሕጉ አብሯችሁ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። በ2 ሰዓት ምግብና መጠጥ፣ በ5 ሰዓት ገንዘብ መመለስ ወይም ተለዋጭ ትኬት፤ ካሳው የሚመጣው ግን በረራው 8 ሰዓት ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ ነው። ቴል አቪቭ አዲስ አበባ መሃለኛው የርቀት እርከን ላይ ነው። ሕጉ ሲወጣ ለዚህ እርከን 2,000 ሸቀል ነበር፤ ከዋጋ ንረቱ ጋር ከዓመት ዓመት ስለሚስተካከል ዛሬ ከዚያ ይበልጣል። የሠራተኛ አድማ እዚያ ካሳ ያስቀራል፣ ከአውሮፓው በተቃራኒ። ሌላ አገር የማታገኙት ነጥብም አለ፦ በረራው የተሰረዘው ሰንበትን ወይም በዓልን ላለመሻር ከሆነ ካሳ የለም።

ጠንካራ ጎኑ ፍርድ ቤቱ ነው። አየር መንገዱ የሚገባችሁን እያወቀ ከከለከላችሁ፣ ጉዳት ሳታስረዱ እንኳ ተጨማሪ የቅጣት ካሳ ሊፈረድላችሁ ይችላል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ሕግ 10,000 ሸቀል ነበር። “ትቪዖት ክታኖት” (የአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት) ላይ ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል።

ገልፍ ላይ አጭር ነው የማወራው፣ ያለውም አጭር ስለሆነ። ሳዑዲ ከኅዳር 2023 ጀምሮ የራሷ የተጓዦች መብት ደንብ አላት፤ ከ6 ሰዓት በላይ ሲዘገይ ካሳው እስከ 750 ሪያል ነው፣ ሲሰረዝ ደግሞ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ይሰላል። ዱባይና አቡ ዳቢ እንደ አውሮፓው ቁርጥ ያለ የካሳ ሰንጠረዥ የለም፤ ሞንትሪያልን ይዛችሁ ነው የምትጠይቁት። አሠሪ ትኬት የቆረጠላችሁ እህቶች አንድ ነገር አድርጉልኝ፦ ትኬቱንና ቦርዲንግ ፓሱን በስልካችሁ አንሱ። ወረቀቱ ከእጃችሁ ሲወጣ ማስረጃውም አብሮ ይወጣል።

ካውንተሩ ላይ ስትቆሙ

አውሮፓ ውስጥ በረራችሁ ተሰረዘ እንበል። ሠራተኛዋ ሁለት ነገር ታቀርባለች፦ ገንዘባችሁን ወይም ሌላ በረራ። ቤተሰብ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ሌላ በረራ ያዙ። ገንዘቡን ከወሰዳችሁ አየር መንገዱ ከእናንተ ጋር ጨርሷል፤ አዲሱን ትኬት በዕለቱ ዋጋ፣ በራሳችሁ ኪስ ትገዛላችሁ። ምግብና ሆቴሉም ይቆማል። ብዙ ሰው በንዴት “ገንዘቤን ስጡኝ” ይልና ማታ ስልኩ ላይ የነገውን ትኬት ዋጋ ሲያይ ይደነግጣል። ካሳው በሁለቱም ምርጫ አይነካም።

ቫውቸር ሲሰጧችሁ ደግሞ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። የምግብ ኩፖን ተቀበሉ፣ ብሉበት፣ ምንም መብት አይነሳችሁም። እህቴ የ12 ዩሮ ኩፖን ይዛ “ከበላሁበት ካሳው ይቀርብኛል” ብላ ሌሊቱን ጦሟን አድራለች! በካሳ ወይም በትኬት ፈንታ የሚሰጥ ቫውቸር ግን በፊርማችሁ ካልተስማማችሁ በቀር አይተካም። ካልገባችሁ አትፈርሙ።

ራሳችሁ፣ ድርጅት ወይስ ፍርድ ቤት?

ካሳ አስመላሽ ድርጅቶች ካላገኙላችሁ አያስከፍሉም። ካገኙላችሁ ከሦስት አንድ ያህሉን፣ ፍርድ ቤት ከገባ እስከ ግማሽ ይወስዳሉ። 600 ዩሮው 400 ወይም 300 ይሆናል። ነገሩ ግልጽ ሲሆን (ከአውሮፓ የተነሳ፣ አንድ ትኬት፣ ከ4 ሰዓት በላይ፣ ብልሽት) ያን ያህል ገንዘብ ለሁለት ኢሜል መስጠት አልመክርም። አየር መንገዱ ከእምቢታው አልወጣ ሲል፣ ወይም ቋንቋውና ጊዜው ሲያጥራችሁ፣ ድርጅቱ ይሻላል። ከምንም ግማሹ ይሻላል።

በመሃል ያለውን መንገድ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጀርመንም ስዊድንም ለተጓዥ በነጻ የሚሠሩ የማስታረቂያ ተቋማት አሏቸው። መጀመሪያ ለአየር መንገዱ ትጽፋላችሁ፣ ካልመለሰ ወይም እምቢ ካለ ፋይሉን ወደዚያ ትልካላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ገንዘቡ ግን ሙሉ ነው። ከዚያ በላይ የአውሮፓ አነስተኛ ክርክሮች ሥርዓት አለ፤ እስከ 5,000 ዩሮ ለሆነ ድንበር ተሻጋሪ ጉዳይ፣ ያለ ጠበቃ፣ በቅጽ። አሜሪካ ያላችሁ ለትራንስፖርት ሚኒስቴሩ በኦንላይን አቤት ብትሉ አየር መንገዱ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሚኒስቴሩ ራሱ ግን ከሶ አያስከፍልላችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ እየተንከባለለ ነው። የኅብረቱ አባል አገሮች ሚኒስትሮች በሰኔ 2025 የ3 ሰዓቱን ልክ ለአጭሩ 4፣ ለረጅሙ 6 ሰዓት፣ የረጅሙን ካሳ ደግሞ 500 ዩሮ ለማድረግ ተስማምተዋል። ሕግ እንዲሆን የአውሮፓ ፓርላማም መስማማት አለበት። ስትጠይቁ በረራችሁ በተደረገበት ቀን የትኛው ልክ ይሠራ እንደነበር ተመልከቱ።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። የእህቴ ስድስት መስመር ነበር። ስም፣ የቦታ ማስያዣ ቁጥር፣ የበረራ ቁጥርና ቀን። መድረስ የነበረብኝ በዚህ ሰዓት፣ የደረስኩት በዚህ። በ261/2004 መሠረት 600 ዩሮ እጠይቃለሁ። ምክንያቱ ከአቅም በላይ ነው ካላችሁ በማስረጃ አሳዩኝ። በ14 ቀን ውስጥ ወደዚህ የባንክ ሒሳብ አስገቡ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን ብቻ አትርሱ። እህቴ በመጀመሪያው ኢሜል “ከምሽቱ 3 ሰዓት ደረስኩ” ብላ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣው፣ አየር መንገዱ “በዚያ ሰዓት አውሮፕላናችን ገና አልተነሳም” ብሎ መልሶላታል።